ክፍለ ጊዜው አለ፤ መምህሩስ?
በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ስለ ጥበባት ትምህርትና ስለ መምህራን ሥልጠና

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ መንገድና ስለ ድልድይ፣ ስለ ውኃና ስለ ሕንፃ መስማት በለመድንበት በዚህ መድረክ ላይ ስለ ሥዕልና ስለ ዜማ ትምህርት ለመናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ማኅበራችን ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው እርዳታ በየትኛው መስክ ላይ ቢውል እንደሚሻል ሐሳብ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ ግን ወደ አእምሮዬ ቀድሞ የመጣው፣ በየትምህርት ቤቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ ተጽፎ በተግባር የማይገኘው የጥበባት ትምህርት ነው።

ስለ መላው አገር ለመናገር አልደፍርም። የምናገረው ተወልጄ ስላደግሁበት አካባቢ ይሆናል፤ ስለ ሆሳዕና፣ ስለ ሾኔና ስለ ሆመቾ፣ እንዲሁም ስለ ዱራሜ፣ ስለ ሺንሺቾና ስለ አንጋጫ። እነዚህ ከተሞች ቀድሞ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር፣ ዋና ከተማው ሆሳዕና በነበረው የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ውስጥ ይገኙ ነበር። ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ በሁለት ዞኖች ተከፍለው ይተዳደራሉ። አስተዳደሩ ቢለያይም የትምህርት ቤቶቻቸው ችግር አንድ ነው።

በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ያለውን እንመልከት። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃና ሥዕል በሥነ ውበት ትምህርት ስም በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቦታ ተሰጥቷቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና የእይታ ጥበባት በሚል ስም ሙዚቃን፣ ሥዕልን፣ ውዝዋዜንና ቴአትርን አጣምሮ አቅርቧል። ስለዚህ መንግሥት ትምህርቱን አልፈቀደም ብሎ ማማረር አይቻልም። መጽሐፉም ክፍለ ጊዜውም አለ።

በክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የጥበባት ክፍለ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚሰጠው የሥራ ድርሻው ላልሞላለት መምህር ነው። መምህሩ በኬሚስትሪ ወይም በታሪክ የሠለጠነ ሊሆን ይችላል። እርሳስ አያያዝን ወይም የዜማ አወጣጥን ያስተማረው ሰው የለም። ስለዚህ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ አበባ ወይም አንድ ቤት ይሥልና «ገልብጡ» ይላል፤ አርባው ደቂቃ በዚሁ ያልቃል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ፈተና በተቃረበ ቁጥር የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲውል አይቻለሁ። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ የማይጠየቅ ትምህርት ተሟጋች የለውምና የሚቃወም አልነበረም።

በዚህ መምህሩን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ያልተሰጠውን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ቀደም ባለው ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን በማሠልጠኛ ተቋም ለአንድ ዓመት ተምረው ሁሉንም የትምህርት ዓይነት እንዲያስተምሩ ይመደቡ ነበር። በኋላም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሥልጠናው ወደ ሦስት ዓመት ዲፕሎማ ከፍ ብሏል። ዓመቱ ቢጨምርም እጅን የሚያፍታታ ልምምድ ቦታና ቁሳቁስ ይፈልጋል። ሸክላ ሳይነካ ስለ ሸክላ ሥራ ማስታወሻ የጻፈ ሰልጣኝ፣ ክፍል ሲገባ ማስታወሻ ከማስጻፍ ሌላ መንገድ አይኖረውም። በሌላ በኩል በቺካጎ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት የሥዕል ትምህርት ቤትና ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚወጡት ባለሙያዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ሥራቸውን የሚያገኙትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ለሾኔና ለሺንሺቾ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ሠዓሊ ይላክ ማለት ዛሬ የማይፈጸም ምኞት ነው። የሚፈጸመው፣ አሁን በክፍል ውስጥ ያለውን መምህር ማሠልጠን ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ለሒሳብ መጽሐፍ ባልተዳረሰበት፣ ለአንድ ክፍል የተወሰነው ሃምሳ ተማሪ በሚታለፍበት አገር የሥዕልና የዘፈን ትምህርት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነውና በሙያችን ልመልስ። ከእኛ ብዙዎቻችን የዕቃን ቅርጽ አይቶ ፕላኑን፣ ሴክሽኑንና ኤሌቬሽኑን መሣልን ለመጀመሪያ ጊዜ የተማርነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። በሃያ ዓመት ዕድሜ፣ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ፣ ዓይንንና እጅን ማስተባበር ምን ያህል እንደሚያስቸግር የቀመሰ ያውቀዋል። የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ግን ይህን በጨዋታ ይለምደዋል። ጥቅሙ ለምህንድስና ብቻ አይደለም። ጎበዝ ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ቀዶ ሐኪም የሚሆነውም ያው ሕፃን ነው። ከነዚህ አንዱንም ባይሆን እንኳ ያየውን መሣልና የተሰማውን ማዜም የሰውነቱ ድርሻ ነውና ሊነፈገው አይገባም።

ቁሳቁስ የለም የሚለውም ምክንያት በእኛ አካባቢ ብዙ አያስኬድም። የሀላባን ክብ ቤቶች ግድግዳ ያየ ሰው በዚያ አገር የሥዕል ችሎታ ከየት እንደሚጀምር ይረዳል። በአጎራባቾቹ በከምባታና በሀዲያም ግድግዳን በአፈር ቀለም ማስጌጥ የታወቀ ነው። ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈር፣ ከሰልና አመድ በየደጁ አለ። ከእንሰት ቃጫ ይገኛል፤ ጥቂት ቡላ በውኃ ሲፈላ ማጣበቂያ ይወጣዋል። ቀርከሃና ሸክላ አፈርም ሩቅ አይደሉም። ለዜማና ለውዝዋዜ ከሆነ በሀዲያ የያሆዴ፣ በከምባታ የመሳላ በዓል በየዓመቱ መስከረም ላይ ሲከበር ሕፃናቱ ራሳቸው ከመምህሩ በላይ ያውቃሉ። መምህሩ የጎደለው፣ ይህን ሁሉ ወደ ትምህርት የሚለውጥበት ዘዴ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ባህላዊው ቤት ሲሠራ መካከሉ ላይ ችካል ይተከላል፣ ገመድ ይታሰራል፣ በገመዱ ጫፍ ክብ ይሠመራል። መምህሩ ተማሪዎቹን ሜዳ አውጥቶ ይህንኑ ያሠራቸው። ቀጥሎም ያንኑ የገመድ ርዝመት በክቡ ዙሪያ ያስለካቸው። ልክ ስድስት ጊዜ ይደርሳል። ስድስቱ ነጥቦች ከመካከሉ ጋር ሲገናኙ የጣሪያው ወራጅ የሚያርፍበት መስመር ይታያቸዋል። ክፍል ሲመለሱ ያዩትን በወረቀት ላይ ይሥሉታል፤ በየመካከሉ ያለውንም ቦታ እናቶቻቸው ግድግዳ በሚያስጌጡበት ዓይነት ንድፍ ይሞሉታል። ይህ ትምህርት ሥዕል ነው፤ ጂኦሜትሪም ነው፤ የፈጀው ገንዘብ የገመድ ዋጋ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ከበድ ያለ ነገር አለ። በአካባቢያችን ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ቀጥቃጩን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያው በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ትምህርት ነው። አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ወደ ክፍል ተጋብዛ፣ የቀን አበሏ ተከፍሏት፣ በመምህሩ አጠገብ ቆማ ስታስተምር ያየ ሕፃን ስለ እርሷም ስለ ልጇም ያለው አስተያየት እንደ ቀድሞው አይሆንም። ያቺ ልጅም በክፍሉ ውስጥ ቀና ብላ ትቀመጣለች።

መምህራንን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ይቻላል ወይ ለሚለው ታሪክ መልስ አለው። በስዊድን ኦቶ ሳሎሞን የተባለ የትምህርት ሰው ከ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኔስ በተባለ ስፍራ ተራ የክፍል መምህራንን ለጥቂት ሳምንታት እየሰበሰበ የእጅ ሥራ ያሠለጥን ነበር። የእጅ ሥራን ባለሙያ ሳይሆን መምህር ያስተምረው የሚል ጽኑ እምነት ነበረው፤ ከብዙ አገሮች የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ መምህራንም በዚያ አልፈዋል። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከነዚያ መካከል ነበሩ። አስተማሪዎቹ የተዘጋጁት በአጭር ሥልጠና ነበር። መሐንዲሶችም ለትምህርት ቤት እንግዳ አይደሉም። በኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ የተጀመረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ክፍል ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከሕዝብ መዋጮ ጋር በየጠቅላይ ግዛቱ የመማሪያ ክፍሎች አሠርቷል። የእኛ ታላላቆች ግድግዳውን ካቆሙ፣ በውስጡ ለሚሆነው ማሰብ ለእኛ ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ፈቃደኛ ሲሆን፣ ማኅበራችን ለዕጩ መምህራን አንድ የእጅ ሥራና የሥዕል ክፍል ያደራጅ። ጠረጴዛ፣ የሸክላ ማድረቂያ መደርደሪያ፣ የመሣያ ሰሌዳና ጥቂት የሙዚቃ መሣሪያዎች ይበቃሉ። የዲዛይንና የቁጥጥር ሥራውን አባሎቻችን ያለ ክፍያ ይሥሩ።

ሁለተኛ፣ በሥራ ላይ ላሉት መምህራን የክረምት ሥልጠና ይዘጋጅ። እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ላይ እንዲያውል በመመሪያ የተደነገገ ነውና አዲስ ሰዓት መለመን አያስፈልግም። ከዚሁ ላይ ጥቂቱ ለጥበባት ቢውል፣ ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት መምህራን ተመርጠው ቢሠለጥኑ፣ እነርሱም በየጉድኝት ማዕከላቸው ሌሎቹን ያሠለጥናሉ። ሁለት የምለው አንዱ ቢዛወር ሥራው አብሮት እንዳይሄድ ነው። ዜማውን የአገሩ ሰዎች፣ ሥዕሉን ከአዲስ አበባ የሚጋበዙ ባለሙያዎች፣ ልኬትና ንድፉን እኛ እናስተምር።

ሦስተኛ፣ ቀለምና ወረቀት በካርቶን መላክ የእርዳታችን ዋና ሥራ መሆኑ ይቅር። ቀለም በአንድ ወሰነ ትምህርት ያልቃል፤ የሠለጠነ መምህር ግን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያስተምራል።

ውጤቱንም እንደ ሙያችን እንለካው። ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ቁጥር ለሪፖርት ያምራል፤ ሥራው መያዙን ግን አያሳይም። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ዱራሜና ወደ ሆመቾ ሄደን ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ የጥበባት ክፍለ ጊዜ ፈተና ሲቃረብ ሳይነጠቅ ቆይቷል ወይ? በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የተማሪዎች ሥራዎችስ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ ወይ? አርባ ወረቀት ላይ አርባ አንድ ዓይነት አበባ ካየን ሥልጠናው አልያዘም ማለት ነውና እንደገና እንጀምር። አርባ የተለያየ ቤት ካየን ግን መምህሩ መምህር ሆኗል።

ጉባኤው በእነዚህ ሐሳቦች ላይ ተወያይቶ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ውሳኔ እንዲሰጥ በትሕትና እጠይቃለሁ።