በቁጥር ያደገ፣ በገበያ ያነሰ በጀት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ያዣችን የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ቁጠባችን ነበር። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። ይልቁንም በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከቁጠባችን ገንዘብ የሚያስወጣንን ነገር ላንሣ፤ የትምህርት በጀትን።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም የልጅ ልጄን ላስመዘግብ ሄድኩ። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ነገር ግን ለጠመኔ፣ ለጥበቃ ሠራተኛ፣ ለዴስክ ጥገና እየተባለ መዋጮ ተጠየቅን። ርእሰ መምህሩን ተቆጣሁት። እሱ ግን ዝም ብሎ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። ለዓመት የተመደበለት የሥራ ማስኬጃ አንድ ሴሚስተር እንኳ የሚያደርስ አልነበረም። ተቆጥቼ የሄድኩት ሴትዮ አፍሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ከየት እንደሚነሣና የት ላይ እንደሚያጥር ስጠይቅ ቆየሁ።

መንገዱ እንዲህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉን በጀት ሲያጸድቅ ለክልሎች የሚሰጠውን የድጎማ መጠን አብሮ ይወስናል። የየክልሉ ድርሻ የሚሰላው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባጸደቀው ቀመር ነው። የክልላችን ምክር ቤት ደግሞ የደረሰውን ድጎማ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለቢሮዎች፣ ለወረዳዎችና ለጋምቤላ ከተማ ያከፋፍላል። ወረዳ ላይ ሲደርስ አብላጫው ለደመወዝ ይሄዳል፤ የሥራ ማስኬጃ የሚባለው የተረፈው ነው። ጋምቤላ የራሱ ገቢ አነስተኛ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ የተቆረጠው ጣሪያ እኛ መማሪያ ክፍል ድረስ ይሰማል።

አሁን ቁጥሩን ስሙኝ። ለክልሎች ድጎማ የጸደቀው ለ2015 በጀት ዓመት 209.4 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። ለ2016 ወደ 214 ቢሊዮን፣ ለ2017 ወደ 222.7 ቢሊዮን ብር ከፍ አለ። ጨምሯል፤ አይካድም። ነገር ግን 2015 ሲያልቅ የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ አካባቢ ነበር። በገበያ ቋንቋ ልናገረው፦ ያኔ በ100 ብር የገዛችሁትን በዓመቱ 130 አሏችሁ፤ በእጃችሁ የተጨመረላችሁ ግን 2 ብር ብቻ ነበር። የቀረውን 28 ብር ማን ይክፈል? መዋጮ የሚባለው እሱ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። የሚጨምረው የብሩ ቁጥር ነው ወይስ የሚገዛው ጠመኔ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ቀመሩ የሕዝብ ቁጥርን ያያል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ በክልላችን 307,096 ነበርን። በ2011 ሊካሄድ የነበረው ቆጠራ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ የምንታወቀው በግምት ነው። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል።

እናቶች፣ ሁለት ልጅ ያላት እናት መዋጮው ለአንዱ ብቻ ከደረሰላት ማንን ቤት እንደምታስቀር ሁላችንም እናውቃለን። እኔን ያስቀረኝ ይኸው ነበር፤ ወንድሜ ተማረ፣ እኔ ውሃ ቀዳሁ። ይህን የማኅበር ሒሳብ የምይዝበትን ቁጥር የለየሁት ካደግኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። የልጅ ልጄ እስከዚያ ድረስ እንድትጠብቅ አልፈልግም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድናደርግ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ የወረዳውና የከተማው በጀት ከመጽደቁ በፊት በሚጠሩ ስብሰባዎች እንገኝ፤ ለትምህርት ቤት ሥራ ማስኬጃ ስንት እንደተያዘ፣ ከአምናው ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሚገዛ እንጠይቅ። በአማርኛ ያልገባን በኑዌርኛ፣ በአኝዋክኛ ወይም በመዠንግርኛ ይነገረን እንበል። ሁለተኛ፣ መዋጮ ስንከፍል ደረሰኝ እንቀበል። የማኅበራችን አባላት በዓመት ስንት እንደከፈልን ደምረን ለምክር ቤት አባሎቻችን እናቅርብ፤ የጉድለቱ ማስረጃ እኛ ጋ ነው። ሦስተኛ፣ መክፈል ያቃታት እናት ሴት ልጇን ከማስቀረቷ በፊት ለማኅበሩ ትንገር፤ ከቁጠባችን እናበድራት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የሰጣችሁን ደብተርና የደንብ ልብስ ብዙ ልጆችን ትምህርት ላይ አቆይቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ስጦታችሁ የበጀት ጥያቄያችንን እንዲያስረሳ አንፈልግም። ደብተሩ ሲያልቅ ጥያቄው ይቆየናል።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። እኛ ሹመት አልጠየቅንም፤ የጠየቅነው ጠመኔ ነው። እሱም ቢሆን ካልተናገርን ይቀራል።