የጀልባ ሞተር በብርድ ማለዳ፤ መመሪያውና ምክንያቱ



ንግግሬን ከጣና ዳርቻ ልጀምር። በጥር ወር፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ የባሕር ዳር አየር ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሊወርድ ይችላል። ተማሪ ሳለሁ በእንዲህ ያለ ማለዳ አንድ ያረጀ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ለማስነሣት ክንዴ እስኪዝል ገመድ ጎትቻለሁ። ቾኩን፣ ማለትም የአየር መዝጊያውን፣ መመሪያው እንዳዘዘው ዘግቼዋለሁ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ድምፅ አሰምቶ ዝም አለ፤ እኔም በእልህ ጎተትሁ። በኋላ አንድ አዛውንት ጀልባ ነጂ ቀርበው ካንዴላውን ፈቱ። ቤንዚን ይንጠባጠብበት ነበር። «ልጄ፣ አጠጣኸው እንጂ አላስነሣኸውም» አሉኝ።

ስሕተቴ ከየት መጣ? በሞተር ውስጥ የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነቱ ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይሻል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ግን ከነዳጁ የሚተነው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ጠብታ ሆኖ በግድግዳው ላይ ይቀራል። ቾክ አየሩን ቀንሶ ነዳጁን የሚያበዛው፣ ከብዙው መካከል ለመቀጣጠል የሚበቃ ያህል እንዲተን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብልጭታው ነው። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ብልጭታ የሚመነጨው ከባትሪ ሳይሆን ከቮላኖው ጋር ከሚዞር ማግኔት ነው። ብርድ ዘይቱን ያወፍራል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ብልጭታው ይደክማል። ስለዚህ ገመዱን ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ሲይዝ ከተሰማ በኋላ ባንድ ጊዜ ፈጥኖ መጎተት ይገባል።

ታዲያ መመሪያው ተሳስቶ ነበርን? አልነበረም። የታሰበው ለባሕር ወለል ከፍታና ለበረዶ ክረምት ነበር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ይደርሳል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ከካርቡራተሩ የሚወጣው ነዳጅ በዚያው መጠን አይቀንስም። የነዳጅ ቀዳዳው ካልተለወጠ፣ በውህዱ ውስጥ ያለው የነዳጅ ድርሻ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዳችንም ውኃ የሚያረጋ ብርድ አይደለም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ቾኩን ዘግቶ ደጋግሞ መጎተት ሞተሩን በነዳጅ ማፈን ነው።

ተግባሩ ከዚህ ይከተላል። የነዳጅ ጋኑን መተንፈሻ ክፈቱ፤ በቱቦው ላይ ያለውን የላስቲክ ፓምፕ ጠንካራ እስኪሆን ጭመቁ፤ ማርሹን ፍሪ አድርጉ። ቾኩን ዘግታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ፤ የመጀመሪያው ድምፅ እንደተሰማ ክፈቱት። ከታፈነ ቾኩን ከፍታችሁ፣ ነዳጅ መስጫውንም ወደ ላይ አድርጋችሁ ጎትቱ፤ አየር ገብቶ ትርፉን ያደርቃል። ካልሆነ ካንዴላውን ፈትታችሁ አድርቁ፤ ትነቱ ከአካባቢው እስኪጠፋ ድረስም ታገሡ፤ በትነት መካከል ብልጭታ ማስነሣት እሳት መጥራት ነውና። የማቀዝቀዣው ውኃ መሳቢያ ከውኃ ውጭ ሳለም ሞተሩን አታስነሡ፤ የውኃ ፓምፑ ላስቲክ ይቃጠላል።

ከሁሉም በላይ፣ ሞተሩ ሞቆ ያለ ቾክ ረግቶ ሳይሠራ ጀልባውን ከወደቡ አትፍቱ። በዳርቻ የጠፋ ሞተር ክንድ ያደክማል፤ ሰው ተጭኖ ሳለ በሐይቁ መካከል የጠፋ ግን ሕይወትን ለነፋስና ለማዕበል ይሰጣል።

14.7 የሚለውን ቁጥር ያን ጊዜም በቃሌ አውቀው ነበር፤ ከረጠበው ካንዴላ ጋር ግን አላገናኘሁትም። አዛውንቱ ቁጥሩን ባያውቁትም የሐይቃቸውን አየር ያውቁ ነበር። ከናንተ የምሻው ሁለቱንም ነው፤ ማናቸውንም መመሪያ ስታነቡ ለየትኛው አየርና ለየትኛው ከፍታ እንደተጻፈ አስቀድማችሁ ጠይቁ።