አዝጋሚ ፍቅር በፋንታሲ ልብወለድ

ፋንታሲ በሚባለው፣ አስማትና ዘንዶ እውን በሚሆኑበት የልብወለድ ዘርፍ፣ አዝጋሚ ፍቅር ማለት ሁለት ገጸ ባሕርያት በረጅም ሂደት እየተላመዱ የሚዋደዱበት የትረካ ስልት ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጉዊን በ«ኧርዝሲ» ተከታታይ መጻሕፍታቸው የቀረጹት የቴናርና የጌድ ግንኙነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመው «የአቱዋን መቃብሮች» ውስጥ የመቃብሮቹ ዋና አገልጋይ የሆነችው ወጣቷ ቴናር፣ ወደ ተከለከለው የምድር ውስጥ ዋሻ ሰርጎ የገባውን አስማተኛውን ጠቢብ ጌድን እንዲሞት መተው ሲጠበቅባት ውሃና ምግብ ታቀርብለታለች፤ እርሱም የተነጠቀችውን የትውልድ ስሟን ይመልስላታል፤ ይሁን እንጂ በመካከላቸው የሚፈጠረው መተማመን እንጂ ገና ፍቅር አይደለም።

ፍቅራቸው እውን የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው «ቴሃኑ» ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ቴናር መበለት፣ ጌድም የአስማት ኃይሉን ያጣ ሰው ሆነዋል። በኧርዝሲ ዓለም ጠቢባን በድግምት ራሳቸውን ከሥጋ ፍቅር ስለሚያቅቡ፣ ለጌድ የፍቅር በር የተከፈተው ኃይሉን በማጣቱ ነው፤ ታሪኩን ተአማኒ የሚያደርገውም እንቅፋቱ ከገጸ ባሕርያቱ ማንነት የመነጨ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ደራሲ የፍቅሩን ፍጻሜ ከማዘግየቱ አስቀድሞ፣ ገጸ ባሕርያቱ የሚራራቁበትን እውነተኛ ምክንያትና ያ ምክንያት ሲፈርስ የሚከፈለውን ዋጋ ሊወስን ይገባል።