መሐል ሰፋሪ ማን ነው?

(በቦርደዴ ለዕረፍት ለተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ስም ነው፤ ይኸውም «መሐል ሰፋሪ» የሚለው ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዛሬው ጊዜ ተማሪ ከተማሪ ጋር ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ከየትኛው ወገን ነህ?» የሚል ሆኗል። መልሱም በአንድ ቃል እንዲሆን ይፈለጋል። «በዚህ ነገር ከእነዚህ ጋር፥ በዚያ ነገር ከእነዚያ ጋር እስማማለሁ፤ በሦስተኛው ነገር ገና አልቆረጥኩም» ያለ ሰው ወይ ፈሪ ወይ አስመሳይ ይባላል። እኛ ግን ነገርን ሁሉ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ማየት ከድፍረት የሚቆጠር አይመስለንም። ይህንንም በታሪክና በዚህ በምንቆምበት ምድር ምሳሌ ልናስረዳ እንሞክራለን።

መሐል ሰፋሪ ቀድሞ ስድብ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከእርሳቸውም በኋላ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ፥ በመካከል የሚሰፍረው ጦር መጠሪያ ነበር። ይህ ጦር በ1910 ዓ/ም ተነሥቶ ሚኒስትሮች ከሥልጣን እንዲወርዱ ጠይቋል፤ የጠየቀውንም አግኝቷል። በዚያን ጊዜ መሐል ሰፋሪ የተባለ ሰው ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው አልነበረም ማለት ነው።

በ1966 ዓ/ም አብዮት ከፈነዳ በኋላ ግን ስሙ ተገለበጠ። አቋሙን በአንድ ቃል ያልተናገረ ሰው ሁሉ መሐል ሰፋሪ እየተባለ ይዘለፍ ጀመር። በዚያ ዘመን የተፋጁት ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች እንቅስቃሴ የተወለዱ ነበሩ። በየካቲት 1957 ዓ/ም «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ የሁለቱም አባት ነው። ያነበቧቸው መጻሕፍት ተቀራራቢ፥ የተመኙላት ኢትዮጵያም ተቀራራቢ ነበረች። ልዩነታቸው ግን ቀላል አልነበረም። ወታደራዊውን መንግሥት እየነቀፉ መደገፍ ይሻላል ወይስ ሥልጣኑን ሳይውል ሳያድር ለሕዝብ እንዲያስረክብ መታገል? ይህ አስተዋይ ሰዎች በቅን ልቡና ሊለያዩበት የሚችል ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን «ከእኛ ያልሆነ የጠላት ነው» የሚለው አነጋገር ከሰፈነ በኋላ ጥያቄውን የሚመረምር ጠፋ፤ ክርክሩም በ1969 ዓ/ም በጥይት ተተካ። ቀይ ሽብር ታወጀ። መኢሶንም በነሐሴ 1969 ዓ/ም ከደርግ በተለየ ጊዜ በተራው ታደነ። በሕይወት የተረፉት የሁለቱም ወገን ሰዎች እስካሁን ትዝታቸውን ይጽፋሉ፤ የሚጽፉትም አይገጥምም። በእርጋታ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ያኔውኑ ቀርቶ ነበር።

አሁን ወደ ቦርደዴ እንምጣ። ከአዋሽ ተነሥቶ በአሰቦት በኩል ወደ ሚኤሶ የሚጓዝ መንገደኛ ቦርደዴን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ምናልባት ሻይ ይጠጣባት ይሆናል። ይህ ቆላ ግን የኢቱ ኦሮሞ፥ የአፋርና የኢሳ ሶማሌ ግጦሽ የሚገናኝበት አገር ነው። በከተሞቹም አማርኛ ይሰማል። ስለዚህ ስሙን ቃል በቃል ብንወስደው፥ እውነተኛው መሐል ሰፋሪ እዚህ የሚኖረው ሰው ነው። ለአርብቶ አደር ድንበር በካርታ ላይ እንደሚሰመረው መስመር ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ የሚቆም ነገር አይደለም። ሣርና ውሃ በሚያልቅበት ወር አንዱ ከብቱን ወደ ሌላው ይነዳል፤ ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። ሽማግሌዎች ሲነጋገሩበት በሰላም ያልፋል፤ ንግግሩ ሲፈርስ ደም ይፈስሳል። ሁለቱንም ይህ ምድር ያውቃቸዋል፤ ስለዚህ «እዚህ ሕዝቡ ምንጊዜም በፍቅር ነበር የኖረው» የሚለውም፥ «ምንጊዜም ጠላቶች ነበሩ» የሚለውም ግማሹን ብቻ ተናግሯል።

በጥቅምት 1997 ዓ/ም በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ባከራከሩ ከ420 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ውሳኔ ሕዝብ ተደረገ። የሚኤሶ ቀበሌዎችም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ቀበሌ ወደ ኦሮሚያ ሆነ። በምርጫው ወረቀት ላይ የቀረበው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበር። ይህን በመጥቀሳችን ውሳኔ ሕዝቡን መንቀፋችን አይደለም። ትምህርት ቤት የሚሠራ፥ አስታማሚ የሚቀጥር፥ ግብር የሚሰበስብ አንድ አስተዳደር ያስፈልጋል፤ ወረቀትም «እንደ ወቅቱ» የሚል መልስ ሊቀበል አይችልም። ጉዳቱ የሚመጣው በወረቀቱ ላይ የተጠየቀውን ጥያቄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጎረቤቱን ሲጠይቅበት ነው። አባቱ ኦሮሞ እናቱ ሶማሌ የሆነች ልጅ የት ቀበሌ እንደምትገብር በአንድ ምልክት ልትመልስ ትችላለች። ከአባትሽና ከእናትሽ ማንን ትመርጫለሽ ቢሏት ግን መልስ የለውም። በ2010 ዓ/ም በሁለቱ ክልሎች ወሰን ላይ በተነሣው ግጭት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያን ጊዜ ሁለት ቋንቋ መናገር፥ ከሁለት ወገን መጋባት፥ ቀድሞ ሀብት የነበረው ሁሉ፥ ለብዙ ቤተ ሰብ አደጋ ሆነ።

ይህ ምድር እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊትም አይቷል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ/ም ከሥልጣን የተሻሩት «ሃይማኖታቸውን ለውጠው ሰልመዋል» ተብሎ ነው። ከሐረር ተነሥተው ሲመለሱም ጦራቸው እዚሁ አጠገባችን በሚኤሶ ከሸዋ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ እርሳቸውም ወደ አፋር በረሃ ሸሹ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል እስከ 1870 ዓ/ም ድረስ ሙስሊም፥ ስማቸውም መሐመድ ዓሊ ነበር። ልጅ ኢያሱ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተወዳጅተዋል፥ በጋብቻም ተሳስረዋል፤ በአዲስ አበባ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የጣልያን መልእክተኞች ግፊትና የመኳንንቱ ቅሬታ በነገሩ ውስጥ እንዳለበት ታሪክ ጸሐፊዎች አሳይተዋል። ደግ ንጉሥ ነበሩ፥ ያለ በደል ተገፉ ብለን መደምደም አንፈልግም፤ በአስተዳደራቸው ላይ የሚነሣው ወቀሳ ብዙ ነው። ነገር ግን «ክርስቲያን ነው ወይስ እስላም?» የሚለው አንድ ጥያቄ፥ እኒህ ሰው ከቆላው ሕዝብ ጋር ምን ዓይነት መንግሥት ሊመሠርቱ አስበው ነበር የሚለውን ትልቅ ጥያቄ ዋጠው። ይህ ትልቅ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

«ታዲያ ነገሩ ሁሉ እንዲህ የተደበላለቀ ከሆነ እንዴት አድርገን እንወስናለን?» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ከዚህ አገር ማሽላ ዘሪ እንማር።

ገበሬው የሚመርጠው በሚያዝያ ዝናብ የሚዘራውን፥ ዘግይቶ የሚደርሰውን ረጅም ማሽላ ነው። ፍሬው ብዙ ነው፤ አገዳው ለከብት መኖ፥ ለማገዶና ለአጥር ይሆናል። የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር ግን ቶሎ የሚደርሰውን አጭሩን ይዘራል። አጭሩ ከድርቅ ያመልጣል፤ ነገር ግን አገዳው ትንሽ ነው፥ ቀድሞ ሲያሽትም ወፍ ይሰፍርበታል። ከሁለቱ «ጥሩው ዘር» የቱ ነው? የዝናቡ ወር ሳይታወቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ሁለቱንም ዘር በጎተራው ያኖራል፤ ማሳውንም ከፋፍሎ ይዘራል። እርግጠኛ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በሬውን ጠምዶ ወጥቷል።

አቀንጭራም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ይህ አረም ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጣል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ፥ የቀድሞው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተማሪ፥ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ሥራው የተሳካው በዘሩ ብቻ አይደለም። የሚቋቋመው ዘር፥ የአፈሩ ለምነትና የውሃው አጠባበቅ አብረው እንዲሄዱ ተደርጓል። አንድ ጠላት፥ አንድ መድኃኒት ብሎ የተነሣ ሰው አቀንጭራን አላሸነፈም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ለይተን ማስቀመጥ ይገባናል፤ አለዚያ ንግግራችን ለሰነፍ መጠጊያ ይሆናል።

አንደኛ፥ ሁሉም ነገር አከራካሪ አይደለም። ንጹሕ ሰው መግደል ወንጀል ነው። የጎረቤትን ቤት ማቃጠል ወንጀል ነው። «ነገሩ ውስብስብ ነው» እያለ ይህን የሚሸፋፍን ሰው ሚዛናዊ አይባልም። ውስብስብ የሚሆነው ጠቡ እንዴት ተነሣ፥ እንዴትስ ይበርዳል የሚለው ነው።

ሁለተኛ፥ የሚናገሩትን ማድበስበስና ነገሩ በራሱ ሁለት መልክ ያለው መሆኑ ይለያያሉ። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እንደ አውሮፓውያን) ስለ ሰምና ወርቅ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ እንዲህ ያለው ድርብ አነጋገር በባህላዊው ኑሮ ብዙ ጥቅም እንዳለው፥ ግልጽነትን ለሚሻው ዘመናዊ ሥራ ግን አስቸጋሪ እንደሚሆን ጽፈው ነበር። እኒሁ ሰው በ1985 ባወጡት ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ዘመናዊው ዓለም ከድርብ ትርጉም በመሸሹ የጎደለበትን አሳይተዋል። እኛም ከሁለቱ እንማራለን፤ የምንናገረው ግልጽ ይሁን፥ የምንናገርበት ነገር ግን ከሆነው በላይ ቀላል ተደርጎ አይቅረብ።

ሦስተኛ፥ ፈርቶ ዝም ማለት አለ፤ መርምሮ መዘግየትም አለ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው መርምሮ የዘገየው ሰው ምን ቢያውቅ እንደሚቆርጥ ሊናገር ስለሚችል ነው። ፈሪው ግን ይህን ሊናገር አይችልም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2012 ዓ/ም መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ብጥብጡም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። ብዙ ሺህ ተማሪዎች መጻሕፍታቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ መኝታ ክፍል አብረው ያደሩ ልጆች በአንድ ሌሊት በሁለት ጎራ ተከፈሉ። ከዚህ ከቆላው ወደየዩኒቨርሲቲው የምትሄዱት ልጆች ይህ ጥያቄ በግቢው በር ላይ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ልንለምዳቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን እናሳስባለን።

በክርክር ጊዜ ከመመለሳችን በፊት የተቃዋሚያችንን አሳብ እርሱ ራሱ «አዎን፥ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ እንድገምለት። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ ተማሪ ከሽማግሌ ያነሰ ትዕግሥት ሊኖረው አይገባም። ስለ አንድ ግጭት ወሬ በስልክ ሲደርሰን ለሌላው ከማስተላለፋችን በፊት፥ ከዚህ ውስጥ የማውቀው ስንቱ ነው፥ የሰማሁትስ ስንቱ ነው ብለን እንለይ። «አላውቅም» ማለት የማያሳፍር ንግግር ይሁን። መወሰን ግድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ እንወስን፤ ድምፅም እንስጥ። ስንወስን ግን ከጣልነው ወገን ውስጥ ምን እውነት እንደ ነበረ አብረን እንጻፈው፤ ነገ ውሳኔያችንን ለማረም የሚያስችለን ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ከሁለቱም ወገን ሊወቀስ ይችላል። ይህን አንደብቃችሁም። መካከል መስፈር ብዙ ጊዜ ከሁለት በኩል ድንጋይ መቀበል ነው። ነገር ግን ጠቡ በበረደ ማግስት ሁለቱም ወገን ሰው ሲልክ የሚልከው ወደዚያው ሰው ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ፥ ሁለቱም ቤት የገባ፥ የሁለቱንም ሐዘን የሚያውቅ እርሱ ነውና። ይህ ምድር እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሲያፈራ ኖሯል። ዛሬም ከእናንተ መካከል እንደሚገኙ እናምናለን።

አሁን ጥያቄ ያለው፥ ይልቁንም በነገራችን የማይስማማ፥ ይናገር።