የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ውጤት እንዴት ይነበብ?

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣችሁ ወላጆችና ተማሪዎች፤

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያቀኑት በዚሁ በጋይንት አገር አልፈው ነው። መቅደላ ሲወድቅ አንድ የጎንደር ተወላጅ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ፤ የእንግሊዝ መኮንን ይዞት ሕንድ ገባ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የምንላቸው እኒያ ሕፃን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ ኋላም ስኮትላንድ ተሻግረው ሌላ የሐኪምነት ማረጋገጫ ያዙ። ባሕር ማዶ የተማረ ሐኪም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ዛሬ ሕንዶቹ ራሳቸው ለሕክምና ትምህርት ወደ ሩሲያ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ኪርጊስታንና ወደ ባንግላዴሽ ይሄዳሉ። ሲመለሱ 300 ጥያቄ ያለው የፈቃድ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ 150 ያላገኘ አገሩ ላይ አያክምም። በአብዛኞቹ ዙሮች የሚወድቀው ከሚያልፈው ይበዛል። ውጤቱ በወጣ ቁጥርም ሰው አገር ከአገር፣ ኮሌጅ ከኮሌጅ ማበላለጥ ይጀምራል።

እኔ በዚህ ማበላለጥ አልስማማም። ሦስት ተፈታኝ ልኮ ሁለቱ ያለፉለት ኮሌጅ፣ አምስት መቶ ልኮ ሁለት መቶ ካለፉለት ይበልጣል? ትናንት የተመረቀውና ደጋግሞ የወደቀው በአንድ መቶኛ ውስጥ ሲታጨቁ ቁጥሩ ስለ ትምህርቱ ምን ይነግረናል? ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አልጋው አጠገብ ያለው ነገር ነው፤ የሕመምተኛውን ቋንቋ የማይሰማ ተማሪ ስድስት ዓመት ቢቆጥርም እጁ አይፈታም።

በእኛም አገር ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ተመራቂዎችን ይፈትናል። ፈተናውን እደግፋለሁ። በሽተኛው ሐኪሙን መርጦ አይታመምም፤ ስለዚህ መንግሥት አስቀድሞ ሊመዝንለት ይገባል። ነገር ግን የጎንደርን የመሰለ፣ በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኖችን በማሠልጠን የተጀመረ አንጋፋ ተቋምና ገና በቅርብ የተከፈተ ኮሌጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ስንት ተማሪ በስንት መምህርና በስንት አልጋ እንደተማረ አብሮ ይጻፍ። የሰሜኑ ጦርነትም ይቆጠር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የጋይንቷ ነፋስ መውጫ በተያዘች ጊዜ የጤና ተቋሞቿ መዘረፋቸውን እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ሆስፒታል ሲዘረፍ የሚጎዳው ሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ ተለማማጁም መማሪያውን ያጣል። ይህን ጉድለት በተፈታኙ ስንፍና ስም መመዝገብ ግፍ ነው።

ጉዳቱን አውቀን ግን የማለፊያውን ነጥብ ዝቅ እናድርግ አልልም። የስማዳ እናት በምጥ ስትያዝ የሚደርስላት ሐኪም ከአዲስ አበባው ያነሰ ማወቅ የለበትም። የጎደለው የልምምድ ጊዜ ይካስ፤ ከዚያ ተማሪው ይፈተን።

ወላጆች ሆይ፣ በሬ ሸጣችሁ ልጅ ከማስመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁን ጠይቁት፦ ባለፈው ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጡት ተመራቂዎቻችሁ ስንቱ አለፉ? ተማሪው የሚለማመድበት ሆስፒታል የትኛው ነው? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጣችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ።