ባቡር በማያልፍበት አገር የተሠራ ባቡር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ሐዲድ፥ ጣቢያና ባቡር እኛ በሁለት ዓመት ውስጥ የሠራነው ነው። ብዙ ሰዎች «ባቡር በማያልፍበት አገር ባቡር መሥራት ምን ይጠቅማል?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ከመጀመሪያው እንናገራለን።

ደብረ ዘይት የሚለው ስም የኛ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው፥ ዛሬ ቢሾፍቱ የሚባለው ከተማ ለብዙ ዘመን በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የጅቡቲ ባቡር በርሱ በኩል ሲያልፍ፥ በኛ በወንበራው ደብረ ዘይት በኩል ግን አላለፈም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ባቡር ሲባል የምናውቀው እናቶቻችን እህል የሚያስፈጩበትን ሞተር ነው። ስለዚህ የስም ወንድማችንን ጣቢያ ከነባቡሩ ወደዚህ እናምጣው ብለን ተነሣን።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ የባቡሩ መንገድ እንዲሠራ በ1886 ዓ. ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ. ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። እኛ አሮጌውን መርጠን መጠኑን ሁሉ ለ40 አካፈልነው፤ ሐዲዳችንም 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖረው። መንገዱን በሙሉ እንሥራ ብንል ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚያስፈልገን፥ በአንድ ጣቢያና በአንድ ክብ መንገድ ረካን።

ሐዲዱን ከወፍራም ሽቦ፥ ጋሪዎቹን ከሽመል፥ መንኰራኵሮቹን ከቆርኪ ሠራን። በመጀመሪያው ቀን ባቡራችን አንድ ክንድ ሳይሄድ ወደቀ። መምህራችን «የባቡር መንኰራኵር ከሐዲዱ እንዳይወጣ በውስጥ በኩል ከንፈር አለው» ብለው አስረዱን፤ እኛም ከጣሳ ቆርቆሮ ሰፋ ያለ ክብ ቈርጠን ከየቆርኪው ኋላ አጣበቅን። ኤሌክትሪኩን ከባትሪ ድንጋይ ወደ ሁለቱ ሐዲዶች ለቀን፤ ከዚያም በመንኰራኵሮቹ በኩል ወደ ዲናሞው ይገባል። ሁለቱ መንኰራኵሮች በብረት ቢያያዙ ኖሮ ኤሌክትሪኩ ዲናሞውን ትቶ በዚያ በኩል ይዞር ነበር። የሽመል ዘንግ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ግን ከዚህ ችግር አዳነን።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ድምፅ የሌለው ባቡር ለኛ ሬሳ መስሎ ታየን። በመካከላችን ግን የእውነተኛ ባቡር ድምፅ በጆሮው የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ የወፍጮውን ሞተር ድምፅ በእጅ ስልክ ቀድተን፥ ስልኩን ከጣቢያው ጣራ ሥር ደበቅነው። ከዚያም በወጣትነታቸው ድሬ ዳዋ የኖሩ አንድ የሰፈራችንን ሽማግሌ ጋበዝን። እሳቸውም ጥቂት አዳምጠው ሣቁና «ልጆቼ፥ ይኸ ወፍጮ ነው። ባቡር እኮ ሲነሣ በዝግታ ነው፤ ሲፈጥን ድምፁም ይፈጥናል፤ ሲቆም ዝም ይላል። የእናንተው ቆሞም ይጮኻል» አሉን።

በዚያን ቀን በጣም አፈርን፤ ከመካከላችንም ሥራውን እንተወው ያሉ ነበሩ። በማግሥቱ ግን ነገሩን ስናሰላስለው ስሕተቱ ተገለጠልን። ድምፁ ከመንኰራኵሩ ጋር አልተያያዘም ነበር። በብዙ የእንፋሎት ባቡሮች ሁለት ሲሊንደሮች አሉ፤ በያንዳንዱም ውስጥ እንፋሎቱ ፒስተኑን ከፊትም ከኋላም ይገፋዋል። ስለዚህ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ባቡሩ አራት ጊዜ ይተነፍሳል። እኛም በዘንጉ ላይ አራት ጥርስ ተከልን፤ ጥርሶቹ አንዲት ቀጭን የሽመል ስንጣሪ እየመቱ ከባዶ ጣሳ ጋር ያጋጯታል። ዲናሞው ቢፈጥንብን ድምፁ እንደ ንብ ጩኸት ሆነ፤ በላስቲክና በትልቅ መዘውር አዘገየነው። ከሐዲዱ ሥር ባዶ የሽመል ግንድ አኖርን፤ መንኰራኵሩ በየመጋጠሚያው ሲያልፍ ቋ ቋ ይላል።

ሽማግሌው ሁለተኛ ሲመጡ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪቆም ድረስ ሰሙና «አሁን መነሣቱን ዐወቅሁ» አሉን። ከዚያ በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ ብንሰጥ፥ ከዚህ ሥራ ያገኘነው ትምህርት ሥራን ከማሳመር በፊት የሚያውቅን ሰው መጠየቅ እንደሚገባ፥ ሲነቅፈንም መታገሥ እንዳለብን ነው። በዚህ ዓመት ተፈትነን እንለያያለን። ባቡሩን ለታናናሾቻችን ትተናል፤ ሽመሉን ነቀዝ እንዳይበላው ዐደራ እንላቸዋለን። እኛም እርስ በርሳችን ቃል ተጋብተናል፤ ከመካከላችን አስቀድሞ በእውነተኛ ባቡር ጣቢያ የቆመ ሰው የሰማውን ድምፅ ለትምህርት ቤታችን በደብዳቤ ይገልጻል። ተሳስተን ከሆነ ታናናሾቻችን ያርሙት።