በሆስፒታል የተኙ አረጋውያንን በመዓዛ ዘይት ስለ ማሸት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ለቀብር ድንኳኑንም ወንበሩንም በጊዜ ያደርሳል፤ በዚህ አንታማም። እኔ መናገር የፈለግሁት ግን ሰው ገና በሕይወት ሳለ ስለሚደረግለት ነገር ነው። ሆስፒታል ጥየቃ ስንሄድ ብርቱካን እናስቀምጣለን፣ አልጋውን ከበን እርስ በርሳችን እናወራለን፣ «እግዜር ይማርዎ» ብለን እንወጣለን። ሽማግሌው መርፌ ከሚወጋው በቀር እጁን የሚይዝለት ሳያገኝ ይውላል።

አሮማቴራፒ የሚባል ነገር አለ። ስሙን ያወጣው ጋትፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩስ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ አናታችንን ለጋ ቅቤ የምንቀባ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል የምንታጠን ሰዎች ነን። እንደ ላቬንደር ካለ አበባ የወጣ ዘይት ከሌላ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ገላ ይታሽበታል። በሽታ አያድንም፤ ያድናል የሚል ነጋዴ ካለ አትስሙት። ጭንቀት ግን ያቀላል፤ ለአንዳንዱም እንቅልፍ ያመጣል። የጎረቤቴን እጅ ሳሽ፣ አጠገቡ የተኙት አዛውንት አንድም ቃል ሳይናገሩ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ላይ 2 ወይም 3 ጠብታ ይበቃል። ያልተቀላቀለው የሽማግሌን ስስ ቆዳ ያቃጥላል። ቀለበት ይውለቅ፣ ጥፍር ይቆረጥ፣ እጅ ይታጠብ። ነርሷ ትጠየቅ፣ በሽተኛውም እሺ ይበል። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይሻት። ከጣት ወደ ክንድ በቀስታ 10 ደቂቃ ነው፤ ወጌሻ አይደለንምና ጉልበት አያስፈልግም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ከመተኛት የተነሣ ዳሌው ወይም ተረከዙ የቀላውን ሰው፣ ደሙ ይዘዋወርለት ብለው የሚያሹ አሉ። ይህ ጉዳት ነው! መቅላቱ ቆዳው ከሥር እየተጎዳ መሆኑን ያሳያል፤ ከታሸ ይብስበትና የአልጋ ቁስል ይሆናል። የሚሻለው ነርሷ እንዳዘዘችው፣ ብዙውን ጊዜ በየ2 ሰዓቱ፣ ሳይጎትቱ ማገላበጥ ነው። በአንድ በኩል ያበጠና የሚያም ባትም አይነካ፤ የረጋ ደም ካለበት ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አስም ያለበት ሰው ካለ ሽታ የሌለው ዘይት ብቻ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ አይጠጣም፤ መርዝ ነው።

ስለዚህ በጠያቂ ኮሚቴው 2 ሴትና 2 ወንድ እንዲመደቡ፣ ለዘይቱም ከመጠባበቂያው ጥቂት ገንዘብ እንዲፈቀድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማገላበጡን የምታሳየን ነርስ ከልጆቻችን መካከል አትጠፋም። ድምፅ ይሰጥበት።